«ኢትዮጵያ» የሚለው ስምና የካርቱም ሙዚየም

እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የሱዳን ጦር መካከለኛውን ካርቱም ከሚዋጋው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል (RSF) ሲያስለቅቅ፣ በዓባይ ዳር ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ክፉኛ ተዘርፎ ተገኘ። በ1971 የተከፈተው ይህ ቤት ሲጠብቅ የኖረው የጥንታዊውን የሱዳን መንግሥት፣ የኩሽን፣ ነገሥታት ቅርስ ነው፤ የግሪክ ጸሐፊዎችም «አይቲዮፕስ» የሚለውን ስም ከተረት አውጥተው በካርታ ላይ ሲያሳርፉት ያሳረፉት በኩሽ ሰዎች ላይ ነበር። ስለዚህ ዝርፊያው የጎረቤት ሐዘን ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ የምንጠራበት ስም ታሪክም አብሮ ተዘርፏል።

የስሙ የተለመደው ፍቺ «አይቶ» (አቃጥላለሁ) እና «ኦፕስ» (ፊት) ከሚሉት ቃላት የተገኘ ነው። የሥርወ ቃል ሊቁ ሮበርት ቤክስ ግን ግሪኮች ትርጉሙን ኋላ የፈጠሩለት፣ ከእነሱ በፊት የነበረ ቃል ሊሆን እንደሚችል ይጠረጥራል፤ ጥርጣሬው ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል። «ፊቱ የተቃጠለ» ማለት ስድብ ነው የሚሉም አሉ። ሆሜር ግን ኢትዮጵያውያንን ነውር የሌለባቸው ይላቸዋል፤ ዜውስና ፖሲዶንም ለግብዣ የሚሄዱት ወደ እነሱ ነው። ስድብ ቢሆን አማልክቱን እዚያ ባላስቀመጣቸው። 

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሄሮዶቱስ ከካርቱም በስተሰሜን የምትገኘውን መርዌን የኢትዮጵያውያን እናት ከተማ አላት። ብሉይ ኪዳንን ወደ ግሪክኛ የመለሱትም «ኩሽ»ን «ኢትዮጵያ» አሉት። በሐዋርያት ሥራ የምናነባት ህንደኬም የመርዌ ንግሥታት ማዕረግ ናት፤ በ2019 በካርቱም አደባባይ የወጡት ሴቶች «ካንዳካ» የተባሉት በዚሁ ማዕረግ ነው።

«እንግዲያው ስሙን ከሱዳን ወሰድን ማለት ነው?» የሚል ይኖራል። መልሱ በአክሱም ድንጋይ ላይ አለ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የንጉሥ ዒዛና ጽሑፍ በግዕዝ «ሐበሻ» ያለውን በግሪክኛ «ኢትዮጵያውያን» ይለዋል፤ ካሱን፣ ማለትም ኩሽን፣ ደግሞ ለብቻው ይጠራል። ስሙን ለራሱ ሕዝብ ያደረገው ዒዛና ነው፤ ከ1,600 ዓመት በላይ የኖረ ስም ይዞታው አያጠራጥርም። የኩሽ ድርሻ ግን በዚህ አይፋቅም፤ «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል ሁለት ባለቤቶች አሉት። ስለዚህ በሱዳን ድንበር ያሉት የመተማ ፈታሾቻችን የኩሽን ቅርስ ለይተው እንዲያውቁና ተዘርፎ ድንበር የሚያቋርጠውን ይዘው ለካርቱም እንዲመልሱ የቅርስ ባለሥልጣኖቻችን ዛሬውኑ ያሠልጥኗቸው።