ስም ያልወጣለት ዓምድ

ጊንጪ ከተማ፣ ደንዲ ወረዳ፣ የገበሬዎችን የእህል ርክክብ በኮምፒውተር እመዘግባለሁ። አብዛኛው ጤፍ ነው፤ ከመረሬው መሬት ሽምብራና ጓያም ይመጣል። ከየቀበሌው የገባው ኩንታል በዋጋ ተባዝቶ ስንት ብር እንደሆነ ሲፈለግ ጥያቄውን በኤስኪውኤል እጽፋለሁ፤ ዳታቤዙ ሰንጠረዥ ይመልሳል። ሂሳቡ ትክክል ነው። ሪፖርቱን የሚቀበሉት ሊቀመንበር ግን ከቁጥሩ በፊት ራስጌውን ያያሉ፦ “ልጄ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?”

አይፈረድባቸውም። “ቀበሌ” የሚለው ዓምድ መዝገቡ ውስጥ ስላለ ስሙን ይዞ ይወጣል። የብዜቱ ውጤት ግን መዝገቡ ውስጥ የለም፤ አሁን የተወለደ ነው። የኤስኪውኤል ቋንቋ ደረጃ እንዲህ ላለው ዓምድ ስም ማውጣቱን ለዳታቤዝ ሠሪዎች ስለተወው ሁሉም በየፊናው ይሰይማል። ፖስትግሬስ “ኮለም” የሚለውን ቃል በሁለት ጥያቄ ምልክቶች መካከል ያስቀምጣል (ሊቀመንበሩን ያስገረማቸው ይሄ ነው)። ማይኤስኪውኤል የጻፍነውን ስሌት እንዳለ ራስጌ ያደርገዋል። የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር ጭራሽ ስም አይሰጠውም። ኤስኪውላይት ደግሞ ዛሬ የሰጠው ስም በሚቀጥለው እትም ሊለወጥ እንደሚችል በመመሪያው አስጠንቅቋል፤ በዚያ ስም ተማምኖ ፕሮግራም የጻፈ ሰው ይወቅበት።

ከስሌቱ ቀጥሎ “አዝ” ብሎ ስም መጻፍ ነው መፍትሔው። ስሙ ግን በቋንቋው ደረጃ መሠረት ዘግይቶ ይወጣል፤ ረድፎቹን አስቀድሞ የሚያጣራው “ዌር” አያውቀውም፣ መጨረሻ ላይ የሚደረድረው “ኦርደር ባይ” ያውቀዋል።

በአማርኛ መሰየምም ይቻላል። እንዲያውም የላቲን ፊደል ያለ ትእምርተ ጥቅስ ሲጻፍ ፖስትግሬስ ወደ ትንሹ፣ ኦራክል ወደ ትልቁ ይቀይረዋል፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው። ክፍያው ሌላ ጋ ነው፦ ፖስትግሬስ ለአንድ ስም የሚፈቅደው 63 ባይት ሲሆን አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይወስዳል። 21 ፊደል ሞላ ማለት ነው፤ የተረፈው ይቆረጣል።

በኦሮምኛ ለሚወጣው ሪፖርት ችግሩ ሁዻ የምትባለው ጭረት (') ናት። ትርፍ፣ “ቡኣ”፣ በቁቤ ሲጻፍ መሐሉ ላይ ያቺ ጭረት ትገባለች፤ ኤስኪውኤል ደግሞ ጭረቷን የጽሑፍ መክፈቻ አድርጎ ያነባታል። በፖስትግሬስ ስሙን በድርብ ትእምርተ ጥቅስ ካላጠሩት ጥያቄው አይሠራም። እኔ ጥያቄው ውስጥ አጭር ስም እሰጥና ሙሉውን ራስጌ፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ የሚታተመው ገጽ ላይ አስገባዋለሁ።