ቀዩ ጽሑፍ ከየት ይመጣል?

በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ተርሚናል ላይ «ስህተት» የሚለውን ቃል በቀይ ሲያወጣ ያየ ሰው፣ ቀለሙን የቀባው ፕሮግራሙ ይመስለዋል። ፕሮግራሙ ባይት ከመላክ ያለፈ ሥራ የለውም፤ ቀቢው ተርሚናሉ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ጽሑፉም፣ «አሁን በቀይ ጻፍ» የሚለው ትእዛዝም በዚያው መንገድ ተከታትለው ይሄዳሉ።

ታዲያ ተርሚናሉ የትኛው ቃል፣ የትኛው ትእዛዝ እንደሆነ በምን ይለያል? በ27። በአስኪ ሠንጠረዥ 27 ቁጥር የተሰጠው ኤስኬፕ ነው፤ ስክሪን ላይ የሚታይ መልክ የለውም። ተርሚናሉ የመጣለትን ፊደል ሁሉ ሲጽፍ ቆይቶ 27 ሲደርሰው መጻፉን ያቆምና ማዳመጥ ይጀምራል። ቀጥሎ [ ከመጣ ትእዛዝ ሊሰጠው እንደሆነ ይገባዋል። ተከትለው የሚመጡትን ቁጥሮች ይይዛል፤ ፊደል ሲመጣ ትእዛዙ አለቀ። የትእዛዙን ዓይነት የሚናገረውም ይኸው የመጨረሻው ፊደል ነው። ትንሿ የእንግሊዝኛ ኤም ከሆነች ጉዳዩ የጽሑፍ መልክ ነው፤ ትልቁ ኤች ከርሰሩን ወደ ሌላ ቦታ ይወስዳል፤ ትልቁ ጄ ስክሪኑን ያጸዳል።

ሲ ውስጥ ኤስኬፕን የምንጽፈው \033 ብለን ነው። 33 አይደለም፤ በስምንት ቤት የተቆጠረ ነው፦ 3 ጊዜ 8፣ ሲደመር 3፣ 27። እንግዲህ ፕሪንትኤፍ ለተባለው የማተሚያ ተግባር \033[31 እና ኤም፣ ቀጥሎ «ስህተት»፣ ቀጥሎ \033[0 እና ኤም ብንሰጠው ቃሉ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ባይቶቹን እንቁጠራቸው። መክፈቻው 5 ነው፤ መዝጊያው 4። «ስህተት» በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ 12 ይሆናል። በድምሩ 21 ባይት ተልኮ ለዓይን የሚታየው 4 ፊደል ብቻ ነው።

31 ቀይ ነው፣ 32 አረንጓዴ፣ 33 ቢጫ፤ 1 ያደምቃል፣ 4 ከሥር ያሰምራል። 1;4;31 ብሎ በአንድ ትእዛዝ ማጣመርም ይቻላል።

ይህን የተርሚናል ትእዛዝ ቋንቋ በሰፊው ያስለመደው ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ቪቲ100 የተባለው ተርሚናል ነው። ከዚያ በፊት ተርሚናል ሠሪዎች በየራሳቸው ኮድ ይሠሩ ስለነበር፣ ፕሮግራም ጻፊው ለእያንዳንዱ ማሽን የተለየ ትእዛዝ ማወቅ ነበረበት። ቪቲ100 ራሱ ባለ አንድ ቀለም ነበር። ዛሬ ላፕቶፕ ላይ የምንከፍተው ባለቀለም መስኮት ግን ያንኑ ቋንቋ የሚሰማ ሶፍትዌር ነው።

መዝጊያዋን 0 የሚረሳት ሰው ብዙ ነው። የብራና ጸሐፊ የእመቤታችን ስም ላይ ሲደርስ ቀዩን ብርዕ ያነሣል፤ ስሙን ጽፎ ሲጨርስ ቀዩን አስቀምጦ ወደ ጥቁሩ ይመለሳል። ተርሚናል ቀዩን ብርዕ በራሱ አያስቀምጥም። ፕሮግራማችን 0ን ሳይልክ ከወጣ፣ ከዚያ በኋላ የምንጽፈው ትእዛዝ ሁሉ ቀይ እንደሆነ ሊቀጥል ይችላል።

ሌላውን ጣጣ ያወቅሁት በራሴ ላይ ሲደርስ ነው። አንድ ጊዜ የፕሮግራሜን ውጤት ወደ ፋይል አስቀምጬ ለሥራ ባልደረባዬ ላክሁለት። ሲከፍተው በየመስመሩ [31 እና [0 ተበትኖበት አገኘው። ፋይል ትእዛዝ አይሰማም፤ የመጣለትን ባይት እንዳለ ያስቀምጣል። ስለዚህ ቀለም ከመላካችን በፊት ማዶ ያለው ተርሚናል መሆኑን መጠየቅ አለብን። ለዚህ ኢዝኤቲቲዋይ የሚባል ተግባር አለ። 1 ብለን ስንጠይቀው ስለ መደበኛው ውጤት ይመልስልናል፤ 2 ስንለው ስለ ስህተት መልእክቱ መውጫ። ሁለቱ ወደተለያየ ቦታ ሊመሩ ስለሚችሉ፣ በምንጽፍበት በኩል ያለውን መጠየቅ ነው።

በአማርኛ ሠንጠረዥ ለምናወጣ ሰዎች ደግሞ የባሰ አለ። ፕሪንትኤፍን «ቢያንስ 10 ቦታ ያዝ፣ የጎደለውን በባዶ ሙላ» ስንለው የሚቆጥረው ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። በላቲን ለተጻፈው ኦኬ 2 ባይት ቆጥሮ 8 ባዶ ይጨምራል። ለ«ስህተት» ግን 12 ቆጥሮ «ሞልቷል» ይላል፤ አንድም ባዶ አይጨምርም፤ ቀጣዩ ዓምድ ቃሉ ላይ ይለጠፋል። የቀለም ኮዱን ከቃሉ ጋር በአንድ ላይ ከሰጠነው እነዚያን 9 ባይቶችም ይቆጥራቸዋል።

መፍትሔው ስፋቱን ራሳችን መለካት ነው። ሴትሎኬል የተባለውን ተግባር አስቀድመን ጠርተን፣ ቃሉን ወደ ሰፊ ፊደላት ቀይረን ስፋት ለሚለካው ተግባር ለደብሊውሲኤስዊድዝ ስንሰጠው 4 ይለናል። ከ10 ላይ 4 ሲቀነስ 6 ባዶ ይቀራል፤ እነሱን ለብቻ እናትማለን። ቃሉን ከሥር አስምረንበት ከሆነ ባዶዎቹ ከ0 በኋላ ይምጡ፤ አለዚያ መስመሩ እስከሚቀጥለው ዓምድ ድረስ ይሰመራል።