ከኤደን እስከ አስመራ፦ የበረራ መስመር ለምን ይከፈታል፣ ለምንስ ይዘጋል?

በሐረርጌ ደጋ ማለዳ የተቆረጠ ጫት ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ ዋጋውን ያጣል። የምሥራቁን ገበሬ ከአውሮፕላን ጋር ያስተሳሰረውም ይኸው የጊዜ ጉዳይ ነው። በ1940ዎቹ ከደጋው ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው ጫት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ተጭኖ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ኤደን ይደርስ ነበር። በባቡር ጅቡቲ፣ ከዚያም በጀልባ ቢላክ ኖሮ የሚደርሰው ደርቆ ነው።

ገበያው በሞቀበት ወቅት ግን ኤደንን ያስተዳድር የነበረው የእንግሊዝ ቅኝ መንግሥት በ1949 ዓ.ም ጫትን ከለከለ። ከምክንያቶቹ አንዱ ለጫት ግዥ ወደ ኢትዮጵያ የሚወጣው ገንዘብ ነበር። እገዳው በ1950 ዓ.ም ተነሣ። በዚያ መካከል የጎደለው አውሮፕላን ወይም አብራሪ ሳይሆን የተቀባዩ አገር ፈቃድ ነበር።

የአየር መንገዱ የውጭ በረራ ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የመጀመሪያው በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ። ኤደንና ጅቡቲ ተከተሉ። አውሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ነበሩና ርቀው መሄድ አይችሉም፤ ወደ ፍራንክፈርት መብረር የተጀመረው በ1950 ዓ.ም ነው። ጄት ሲመጣ የልደታ ማረፊያ ስለማይበቃ ቦሌ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1973 ወደ ቻይና መብረር ተጀመረ፤ ከአፍሪካ አየር መንገዶች የቀደመው አልነበረም።

ዛሬ የውጭ መዳረሻዎቹ ከ130 ይበልጣሉ። ይህን ያህል ከተማ ማገናኘት የተቻለው መንገደኛውን ሁሉ ቦሌ ላይ በመሰብሰብ ነው። ከሌጎስ የመጣና ከናይሮቢ የመጣ መንገደኛ እዚያ ተገናኝተው በአንድ አውሮፕላን ጓንዡ ይሄዳሉ፤ አንዱ ከተማ ብቻውን የማይሞላው ወንበር በዚህ ይሞላል። ዋጋውን የሚከፍሉት እንደ ድሬዳዋ ያሉ ከተሞች ናቸው። ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ ይልቅ ለጅቡቲ ትቀርባለች፤ ነዋሪዋ ግን ወደ ምሥራቅ ለመብረር በአብዛኛው መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ይበራል።

ፈቃድ ግን አሁንም ከሁሉ ይቀድማል። የመጀመሪያው በረራ ያለፈባት አስመራ በ1990 ዓ.ም በጦርነቱ ተዘግታ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም ስትከፈት በአውሮፕላኑ ውስጥ ዘመድ ሊጠይቁ የሚሄዱ ሰዎች በእንባ ታይተዋል። በነሐሴ 2016 ዓ.ም መጨረሻ መስመሩ እንደገና ተቋረጠ።

ጫትም የኤደን ዕጣ በአውሮፓ ደርሶበታል። ኔዘርላንድስ በ2005፣ ብሪታንያ በ2006 ዓ.ም አገዱት፤ የመንገደኛው አውሮፕላን ለንደን ያርፋል፣ ጫቱ ግን አይጫንም።