እርሱም ይጸልያል

በምሠራበት የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወላጆች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ «ዶክተር፣ ጸበሉን እናቁም ወይስ መድኃኒቱን?» ይላሉ። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ እንደሆነ ሲነገራቸው ስለኖረ ጥያቄው ከልባቸው ነው። መልሴ ሁለቱም ይቀጥሉ የሚል ነው፤ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ግን ከጥያቄው ኋላ ተረስቶ የሚቀረው ሰው ነው። እናት ስለ ልጇ፣ ካህኑ ስለ ምእመኑ፣ እኔም ስለ ታካሚዬ ስንነጋገር ባለጉዳዩ አጠገባችን ተቀምጧል። ስለ እምነቱ ራሱን የጠየቀው የለም። ሁላችንም የሚጸለይለት ሰው አድርገን እናየዋለን፤ እርሱም እንደሚጸልይ አናስብም።

አስቀድሜ ብዙ ጊዜ የሚቀላቀሉ ሁለት ነገሮችን ልለይ። ኦቲዝም የአእምሮ ሕመም አይደለም። ከሕፃንነት ጀምሮ አንጎል በተለየ መንገድ ሲያድግ የሚመጣ የአፈጣጠር ልዩነት ነው፤ ንግግርን፣ ከሰው ጋር መግባባትን፣ ድምፅና ንክኪ የሚሰማበትን ሁኔታ ይነካል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2021 ያወጣው ግምት በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ያሳያል። ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ድብርትና ጭንቀት ግን ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው ሰው በበለጠ ይታያሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። ሁለቱን ካልለየን ሊታከም የሚችለውን ሕመም ችላ ብለን የሰውየውን ተፈጥሮ ለመንቀል ስንታገል እንኖራለን።

ማንነቱ እንዳይለይ ጥቂት ነገር ለውጬ ስለ አንድ ወጣት ልናገር። ኦቲዝም አለበት። ንግግሩ አጭር ነው፤ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን በሚሰላበት ባሕረ ሐሳብ ላይ ግን የሚስተካከለው አይገኝም። የፈለጉትን ዓመት ቢጠሩለት ወንበሩን፣ አበቅቴውን፣ መጥቅዑን፣ የነነዌ ጾም የሚገባበትን ቀን ሳያመነታ ይነግርዎታል። አበቅቴና መጥቅዕ በየዓመቱ እየተለዋወጡ ሁልጊዜ ድምራቸው 30 መሆኑ ልዩ ደስታ ይሰጠዋል። ኦቲዝም ያለበት ሁሉ እንዲህ ያለ ችሎታ የለውም፤ የዚህ ልጅ ግን የአምልኮው መንገድ ይኸው ነበር። የበዓላቱን ሥርዓት በማወቅ እግዚአብሔርን ያመሰግናል።

ቅዳሴ ላይ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፣ እጁን ያርገበግባል። አንድ ወቅት ይህ ሁሉ ቀረ። ጥግ ይዞ ዝም ብሎ መቀመጥ ጀመረ። የደብሩ ሰዎች «ተመስገን፣ ረጋ፤ መንፈሱ ለቀቀው» አሉ። የተጨነቀችው እናቱ ብቻ ነበረች፤ ምክንያቱም ልጇ ባሕረ ሐሳብ ማስላቱንም ትቷል። ወደ እኔ ያመጣችውም ለዚህ ነው። ሰው የሚወደውን ነገር በድንገት ሲተው፣ እንቅልፉና ምግቡ ሲዛባ፣ በተለይ ስሜቱን በቃላት መግለጽ የሚከብደው ሰው ከሆነ፣ ድብርት ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። መርጋት ሁልጊዜ ፈውስ አይደለም።

«እንዴት ነህ?» ብዬ ስጠይቀው «እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ። ይህ ሁላችንም የተማርነው መልስ ነው፤ ኦቲዝም ላለበት ሰው ደግሞ ሰላምታ ሲቀርብለት የሚሰጥ የተጠና ምላሽ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥያቄውን ዘረዘርኩለት። ትናንት በስንት ሰዓት ተኛህ? በስንት ሰዓት ነቃህ? ምን በላህ? መሞት ተመኝተህ ታውቃለህ? ለመጨረሻው «አዎ» አለኝ፤ ለማንም ያልተናገረው ኃጢአት ስለሆነ ነው። ስለ ሞት ምኞት በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ውስጥ አይዘራም፤ ተደብቆ የቆየውን ያወጣዋል። ካህናትም ወላጆችም ይህን ጥያቄ እንዳይፈሩት እለምናለሁ።

ያን ቀን ስለ ነቢዩ ኤልያስ አወራን። በመጽሐፈ ነገሥት እንደተጻፈው ኤልያስ ከዛፍ ሥር ተኝቶ ነፍሱ እንድትወሰድ ለመነ። መልአኩ አልገሠጸውም፤ እምነትህ ጎደለም አላለውም። ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ ተመልሶ ሲተኛም እንደገና ቀስቅሶ አበላው። እስከ ኮሬብ ተራራ 40 ቀን የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። እንቅልፍና ምግብ በቅድሚያ፣ ረጅሙ መንገድ ቀጥሎ፤ እኛም ድብርትን ስናክም የምንጀምረው ከዚሁ ነው። ወጣቱ ፍሉኦክሴቲን በአነስተኛ መጠን ጀመረ፤ ኦቲዝም ያለበት ሰው በመድኃኒቱ መረበሽ ሊገጥመው ስለሚችል መጠኑ የሚጨመረው ቀስ እየተባለ ነው። ከሳምንታት በኋላ የመጪውን ዓመት በዓላት እንደገና ማስላት ጀመረ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መመላለሱም ተመለሰ፤ ይህንንም እንደ በረከት እንድትቆጥረው ለእናቱ ነገርኳት።

ጸበልና መድኃኒትን ወደ ማስማማቱ ልመለስ። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ ሐኪምን እንድናከብር፣ ስንታመም እንድንጸልይ፣ ለሐኪምም ቦታ እንድንሰጥ ታዝዘናል። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ይህ ትምህርት ለአእምሮ ሕሙማንም በየደብሩ ሊሰበክ ይገባል። በእንጦጦ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችና የጸበል አገልጋዮች አብረው የሠሩበት ተሞክሮ አለ፤ ስለዚህ ትብብሩ እንደሚቻል አውቀን ነው የምንናገረው።

አደጋው ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ፌኖባርቢታል በድንገት ቢያቋርጥ ሕይወቱን የሚያሳጣ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊይዘው ይችላል። ካርባማዜፒን የሚወስድ ሰው ብዙ ሊትር ጸበል በአንድ ጊዜ ቢጠጣ በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ውኃ ሳይቀምስ ረጅም ሰዓት ከጾመ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ይከማቻል፤ መንቀጥቀጥ፣ ማስታወክና መደናገር ይመጣል። ለመቁረብ 18 ሰዓት መጾም ለሚፈልግ ሰው ደግሞ መፍትሔ አለ። ፍሉኦክሴቲን በሰውነት ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ ሰዓቱ ጥቂት ቢገፋ ችግር የለውም፤ በቀን ሁለቴ የሚወሰድ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ግን እንዲህ አይገፋም። ሐኪምና ንስሐ አባት ቢነጋገሩ አብዛኛው በቀላሉ ይፈታል። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ የጾምን ቀንበር ማቅለል ታውቅበታለች።

ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ስናገር ልቤ ይቃጠላል። ቀዝቃዛ ውኃ ድንገት ሲፈስበት፣ የማያውቀው ሰው ራሱን ሲጫነው፣ ድምፅ ማጉያ ጆሮው ሥር ሲጮህ፣ ቆዳውና ጆሮው ከእኛ እጅግ የበለጠ የሚሰማው ልጅ ይጮኻል። ጩኸቱ የሕመም ጩኸት ነው። በዙሪያው ያለው ሕዝብ ግን «ያዘው፣ ለፈለፈ» ብሎ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ሲታገል ያስሩታል። ነጻ የማውጣት አገልግሎት በሚሰጡ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም ይኸው ሲሆን ከወላጆች ሰምቻለሁ። ልጁ ከዚያ የሚማረው የእግዚአብሔር ቤት የሚያስፈራ ቦታ መሆኑን ብቻ ነው። ማሰርም መምታትም በማንኛውም ስም መቆም አለበት።

ያው ቤት እንዲህ ላለው ልጅ የተመቸ ሊሆን ይችላል። ቅዳሴ ቃሉም ቅደም ተከተሉም የታወቀ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ለሚያረጋጋው ልጅ ከዚህ የተሻለ ጉባኤ አላውቅም። ከድምፅ ማጉያ የራቀ ቦታ፣ ጆሮ መሸፈኛ፣ ሲደክመው ወጣ ብሎ የሚመለስበት ደጀ ሰላም፣ ቢመላለስ የማይገላምጥ ምእመን ይበቃዋል። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም።

ከሁሉ በላይ የሚያቆስለው ግን «ማን በደለ?» የሚለው ነው። እናቶች ይረገማሉ፤ በእርግዝናሽ ምን ሠራሽ ይባላሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጇ በየትምህርት ቤቱ ቦታ ቢያጣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ከፍታ፣ እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ የታገለችው አንዱ ነገር ይህ ኀፍረት ነበር። ክርስቲያን ለሆንን ደግሞ መልሱ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ተሰጥቶናል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ማን ኃጢአት እንደሠራ ሲጠይቁ፣ ጌታ ሰውየውንም ወላጆቹንም ከክሱ ነጻ አደረጋቸው። የተዘጋውን መዝገብ የምንከፍተው እኛ ነን።

ለካህናት፣ ለመምህራንና ለፓስተሮች አንድ ልመና አለኝ። ይህን ሰው ፈውሱ እስኪታይ ድረስ በር ላይ አታቁሙት። ስሙን ጠርታችሁ ምን እንደሚጸልይ ጠይቁት። የሚችለውን አገልግሎት ስጡት፤ ምንጣፍ ያንጥፍ፣ መጻሕፍት ያስተካክል፣ የበዓላት ዝርዝር ይጻፍ። የማይናገር ከሆነም በመካከላችሁ መቆሙን እንደ ጸሎት ቁጠሩለት።

ይህን የምታነበው አንተ፣ የምታነቢውም አንቺ፣ ከኦቲዝም ወይም ከአእምሮ ሕመም ጋር በክርስትና የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ሕመማችሁ የእምነታችሁ መለኪያ አይደለም። መድኃኒታችሁን አማትባችሁ ዋጡ። ለንስሐ አባታችሁ የመድኃኒታችሁን ስም፣ ለሐኪማችሁ የጾማችሁን ቀን ንገሩ። መሞት የሚያስመኝ ቀን ከመጣ ደግሞ በዚያው ቀን ለአንዳችን ንገሩን፤ ለሁለታችንም ብትነግሩን ይበልጥ ደስ ይለናል።