ታምቡሮና አፈታቱ

ሰው ሁሉ የሞተርን ኀይልና የመኪናን ፍጥነት ሲያወድስ፣ ያንኑ ኀይል ገትቶ ነፍስ የሚያድነውን ታምቡሮ የሚያመሰግን እምብዛም አይገኝም፤ እንዲያውም ዲስክ ፍሬን ከመጣ ወዲህ ያለፈበት ነገር ተብሎ ተንቋል። ዳሩ ግን ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ እ.ኤ.አ. በ1902 ካስተዋወቀው ጊዜ አንሥቶ መሠረተ ሐሳቡ ሳይለወጥ የኖረው ይህ ጎድጓዳ ብረት፣ ሲሚንቶ ተሸክማ በአዲስ አበባ ከካዛንችስ ወደ ባምቢስ የምትወርደውን አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ከኋላ ይዞ የሚያቆማት፣ ዳገት ላይም ስትቆም በእጅ ፍሬን የሚያጸናት እርሱ ነው።

በውስጡ ሸራ የለበሱ ሁለት ጨረቃ መሰል ብረቶች አሉ፤ ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይት ገፍቶ ከታምቡሮው ግድግዳ ጋር ያጋጥማቸዋል። እጅግ የሚደንቀው ምሥጢር ግን መኪናዋ ወደ ፊት ስትሄድ የታምቡሮው መዞር ራሱ የፊተኛውን ሸራ እየሳበ ይበልጥ ወደ ግድግዳው ማጣበቁ ነው፤ ጎማው በገዛ ኀይሉ የራሱን መቆም ያግዛል።

አፈታቱን በተመለከተ መጀመሪያው አጭር ነው፦ ደልዳላ ሥፍራ መምረጥ፣ ለፊት ጎማዎች ታኮ ማድረግ፣ ኋላውን በክሪክ አንሥቶ በጽኑ መደገፊያ ማሳረፍ፣ የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ፣ ጎማውን ማውለቅ።

ከዚህ ቀጥሎ ታምቡሮው አልወጣ ያለ እንደ ሆነ፣ ብዙዎች «ዝጓል» ብለው ትልቁን መዶሻ ያነሣሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ታምቡሮ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት እንደ መሆኑ መጠን ሲመታ ይሰነጠቃል እንጂ አይለጠጥም፤ ደግሞም የእምቢታው ምክንያት ሁልጊዜ ዝገት አይደለም። ታምቡሮው ጨርሶ ካልተነቃነቀ፣ በእርግጥ መሐሉ ከእምብርቱ ጋር በዝገት ተጣብቋል፤ ከክረምት በኋላ ይህ ይበዛል። ጥቂት ወጣ ብሎ እየተወዛወዘ ከተያዘ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሸራው ግድግዳውን ለዓመታት ሲበላው በዳርቻው ያልተበላ ከንፈር ይቀራል፣ ክፍተቱን የሚያጠብበው ማስተካከያም ሸራውን ወደ ውጭ እያስጠጋ ስለሚሄድ፣ ታምቡሮው ሲሳብ ከንፈሩ በሸራው ላይ ይጠመዳል። ለዚህኛው መድኀኒቱ ከታምቡሮው ኋላ ባለው ሳሕን ላይ ያለውን የላስቲክ ክዳን ነቅሎ በቀጭን ካቻቪቴ ጥርሳሙን ማስተካከያ ወደ ኋላ ማዞር ነው።

ለዝገቱ ደግሞ ሠሪው ራሱ አስቦልናል። በቶዮታ ታምቡሮ ፊት ላይ ጥርስ የወጣላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ ባለ 8 ሚሊሜትር ብሎኖች አስገብቶ በየተራ፣ በእኩል፣ ጥቂት በጥቂት ቢያጠብቋቸው ታምቡሮው ያለ አንዳች ጩኸት ይለቅቃል። በ2017 ዓ.ም. የካዛንችስ ነባር ቤቶች ከመፍረሳቸው በፊት በዚያ መንደር የማውቃቸው አንድ አረጋዊ መካኒክ፣ ጭቃ የደፈናቸውን እነዚህን ቀዳዳዎች በሽቦና በነጭ ጋዝ ሲያጸዱ፣ መዶሻ ላነሣው ረዳታቸው «ልጄ፣ በር ተሠርቶልህ ሳለ ግድግዳውን ለምን ታፈርሳለህ?» ሲሉት ሰምቻለሁ። ብሎኖቹን ሲያስገቡለትም አጠገባቸው ነበርሁ፤ ታምቡሮው እንደ ታዘዘ ወጣ።

ታምቡሮው ሲወጣ በውስጡ የሚገኘውን አቧራ በአፍም ሆነ በአየር መንፊያ የሚያራግቡ ሰዎች ግን ያሳዝኑኛል። በቀደሙት ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ነበረ፤ ብናኙም ሳንባን የሚያጠፋ ነው፤ በውኃ አርጥቦ በጨርቅ መጥረግ ይገባል። «ሸራ ብቻ ቀይሩልኝ» የሚሉ ባለ መኪናዎችም በታምቡሮው ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ስፋት ያስለኩ፤ ሲወለድ 254 ሚሊሜትር የነበረው የሃይሉክስ ታምቡሮ 256 ካለፈ ዕድሜው አብቅቷል፣ አዲስ ሸራም አያድነውም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንዱን ወገን ገጥመህ ሳትጨርስ ሌላውን አትፍታ፤ ሸራዎቹን የሚይዙትን ሞላዎች አቀማመጥ የሚያሳይህ ያልተፈታው ወገን ነውና። ታምቡሮው ወልቆ ሳለም ማንም ፔዳሉን እንዳይረግጥ አስጠንቅቅ፤ ሸራዎቹን የሚገፉት ፒስተኖች ከሲሊንደራቸው ይወጡና ዘይቱ ይፈስሳል።