ጭራቁ ማን ነው? የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር በጎቲክ ልብወለድ

ጎቲክ የሚባለው የልብወለድ ዓይነት የተወለደው እንግሊዝ አገር ነው። ሆራስ ዋልፖል እ.ኤ.አ. በ1764 «የኦትራንቶ ግንብ»ን ካሳተመ ጀምሮ መለያዎቹ ብዙም አልተለወጡም፤ ያረጀ ግንብ፣ የተቆለፈ ክፍል፣ ሞተውም የማያርፉ ዘመዶች፣ ቤተሰብ ሸሽጎ የኖረው ኃጢአት። በዚህ ዓለም ውስጥ ባለፈው ዘመን የኖሩ ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች ሲዋደዱ፣ አስማትም ሲታከልበት፣ ዛሬ በእንግሊዝኛ በብዛት የሚጻፈው የፍቅር ልብወለድ ይገኛል።

ለአዲስ አንባቢ ይህ የማይገናኙ ነገሮች ድብልቅ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ከጥንትም አብረው ነበሩ ባይ ነኝ፤ ምክንያቱ ደግሞ ሕጉ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በወንዶች መካከል የሚፈጸም ሩካቤ እስከ 1861 ድረስ በሞት ያስቀጣ ነበር። በ1885 የወጣው ሕግ ደግሞ በር ዘግተው በቤታቸው ባሉት ላይ ሳይቀር እስከ ሁለት ዓመት እስራትና የጉልበት ሥራ የሚያስፈርድ ሆነ፤ አስፈራርተው ገንዘብ ለሚቀበሉ ሰዎችም ሲሳይ ከፈተላቸው። በሴቶች ላይ እንዲህ ያለ ሕግ ባይኖርም ዝምታው ያው ነበር። በግልጽ ሊጻፍ የማይችለውን ጸሐፊዎች መንፈስና ጭራቅ አልብሰው አሳለፉት።

ይህን በደንብ የሚያሳየው የደብሊኑ ተወላጅ የሸሪዳን ለ ፋኑ «ካርሚላ» ነው። በ1872 በመጽሐፍ የወጣው ይህ አጭር ልብወለድ ስመ ጥሩውን የቫምፓየር ልብወለድ «ድራኩላ»ን በ25 ዓመት ይቀድመዋል። የ19 ዓመቷ ላውራ ከአባቷ ጋር በኦስትሪያዋ ስታይሪያ፣ ጫካ መሐል ባለ ግንብ ትኖራለች። አንድ ምሽት ደጃቸው አጠገብ ሠረገላ ይገለበጥና ካርሚላ የምትባል ወጣት በእንግድነት እነሱ ዘንድ ትቀራለች። ካርሚላ ላውራን እያቀፈች፣ ጉንጯን እየሳመች ስለ ፍቅርና ስለ ሞት ታንሾካሹክላታለች፤ ላውራም ደስታና ጥላቻ በአንድነት ይሰሟታል።

አንድ ቀን ለእድሳት ሄደው የነበሩ የቤቱ አሮጌ ሥዕሎች ከግራትስ ከተማ ይመለሳሉ። ከመጥቆሩ የተነሣ ምን እንደሆነ የማይለይ የነበረው አንዱ ሥዕል ጸድቶ ሲታይ የካርሚላ መልክ ነው፤ አንገቷ ላይ ያለችው ትንሿ ጥቁር ነጥብ እንኳ አልቀረችም። የተሣለው ግን በ1698 ነው። አባትየው ብዙም ልብ አይለውም። ላውራ ግን ሥዕሉን መኝታ ክፍሏ ልትሰቅለው ትለምነዋለች።

ካርሚላ ቫምፓየር፣ ማለትም ከመቃብር እየወጣች የሰው ደም የምትመጥ ሙት ናት። መጨረሻ ላይ መቃብሯ ተከፍቶ፣ ልቧ በእንጨት ተወግቶ፣ አንገቷ ተቆርጦ ትቃጠላለች። ለ ፋኑ በዚያ ዘመን የሁለት ሴቶችን መፈላለግ ይህን ያህል ቀርቦ ሊጽፍ የቻለው አንዷን ጭራቅ ስላደረጋት ይመስለኛል፤ ዕዳውን የምትከፍለውም እሷ ናት። ሆኖም ላውራ ከዓመታት በኋላ ታሪኩን ስትተርክ እፎይ እንዳለ ሰው አይደለችም። ጭራቋን ትፈራለች፣ ትናፍቃታለችም።

ኦስካር ዋይልድም በ«ዶሪያን ግሬይ ሥዕል» ምስጢሩን ለአስማተኛ ሥዕል አሸክሞታል። በ1890 በመጽሔት የወጣውን ታሪክ በማግሥቱ ዓመት በመጽሐፍ ሲያሳትም በወንድ ገጸ ባሕርያቱ መካከል ያለውን ስሜት አለዘበው። ይህ ግን አላዳነውም፤ በ1895 ፍርድ ቤት ውስጥ ከዚሁ ልብወለድ እየተነበበ በመስቀለኛ ጥያቄ ተፋጠጠ። በዚያው ዓመት በ1885ቱ ሕግ ሁለት ዓመት እስራት ከከባድ የጉልበት ሥራ ጋር ተፈረደበት።

ኢ. ኤም. ፎርስተር በ1913 እና በ1914 «ሞሪስ»ን ሲጽፍ መንፈስም ጭራቅም አላስገባበትም፤ ሁለቱ ወንዶች በሕይወት አብረው እንዲቀሩ ግን ቆርጦ ነበር። መጽሐፉ የታተመው በ1971፣ ደራሲው ካረፈ በኋላ ነው።

የዛሬዎቹ ጸሐፊዎች የፎርስተርን መጨረሻ ወስደው ወደ ለ ፋኑ ግንብ መልሰውታል። ኬ. ጄ. ቻርልስ በ2013 ያሳተመችው «የማግፓይ ጌታ» ውስጥ ሎርድ ክሬን ለዓመታት ከኖረበት ሻንጋይ ተመልሶ፣ ያልፈለገውን ማዕረግና የተጠላውን የቤተሰቡን ስም ይወርሳል። ራሱን እንዲያጠፋ የሚገፋፋው ድግምት ተደርጎበታል። ሊያድነው የሚመጣው ባለ አስማት ስቲቨን ዴይ ደግሞ የክሬን አባት ቤተሰቡን ያጠፋበት ሰው ነው። ግንቡም፣ ድግምቱም፣ የሟቾቹ በደልም አሉ፤ የተለወጠው ጭራቁ ነው። ሰው የሚበላው ሥልጣንና ሕጉ ሆኖ፣ ፍቅሩ መሸሸጊያ ሆኗል።

የፍቅር ልብወለድ አንባቢ ፍቅረኞቹ በመጨረሻ አብረው እንዲሆኑ ይጠብቃል። ሳራ ዋተርስ በሚልባንክ እስር ቤት ውስጥ ስለ አንዲት ጎብኚና ስለ አንዲት መንፈስ ጠሪ እስረኛ በጻፈችው የ1999ኙ «አፊኒቲ» እንዲህ ያለ ቃል አትገባም፤ ስለዚህ መጽሐፉ ከዚህ ዓይነት ጋር ቢጎራበትም የፍቅር ልብወለድ አይባልም። ቃሉን የሚጠብቁት ደራሲዎች እንዲህ ላሉ ፍቅረኞች ጋብቻ በሌለበት ዘመን ሌላ መላ መፈለግ አለባቸው፤ ፍቅረኞቹ አንዱ የሌላው ጸሐፊ ተብሎ አንድ ቤት ይገባሉ፣ ወይም አገር ጥለው ይሄዳሉ። አንዳንዱ ደራሲ ሕጉን ጭራሽ ይረሳዋል። እኔ የምመርጠው በመጨረሻው ገጽም ፖሊስ ሊያንኳኳ እንደሚችል የማይረሱትን ነው፤ እነዚያ ሁለት ሰዎች ለመዋደድ ምን ያህል እንደደፈሩ የሚታየኝ በእነሱ ነው።