ጭንቀትን ሰውነትን በማሠራትና ሕሊናን በመሰብሰብ ስለ መከላከል

በባሕር ዳር ከተማ ማለዳ በጣና ዳር የሚሄድ ሰው የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉትን ባላገሮች ያያል። ቀዛፊው ቀኝና ግራውን እያፈራረቀ ውሃውን ሲገፋ ክንዱና ወገቡ ይሠራሉ፤ ዓይኑም ከማዕበሉ አይነሣም፤ ኀሳቡ ወደ ሌላ የሄደበት እንደ ሆነ ታንኳው ይዞርበታልና። ከወረቀት ጋራ የምንውል እኛ ግን ሰውነታችን በወንበር ተቀምጦ ሳለ ልባችን ስለ ነገው ጉዳይ ሲሮጥ ይውላል።

መጨነቅ የሰው ሁሉ ጠባይ ነው። ነገር ግን ለወራት ሳይለቅ ቆይቶ እንቅልፍ የነሣና ሥራ ያስተወ እንደ ሆነ ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2021 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ይህ ሕመም ያለባቸው ሰዎች 359 ሚሊዮን ነበሩ፤ ሕክምና የሚያገኘው ግን ከአራቱ አንዱ ያህል ነው። የሐኪም ማነስ አንዱ ምክንያት ሲሆን እፍረትም ሌላው ነው። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ልቡ ሲደነግጥበት «ብርድ መቶኝ ነው» ይላል እንጂ ተጨነቅሁ አይልም።

በስዊድን አገር በጐተንበርግ 286 የጭንቀት ሕሙማን ተመርምረው ነበር፤ እኩሌቶቹ ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ በጭንቀት የኖሩ ናቸው። በሳምንት ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት ለ12 ሳምንት ሰውነታቸውን ያሠሩት፥ ምክር ብቻ ከተሰጣቸው ይልቅ ቀለላቸው።

ሕሊናን መሰብሰብ የሚባለውን ደግሞ ጆን ካባት ዚን በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ለሕሙማን ትምህርት አድርጎ አቆመው፤ ይኸውም ተቀምጦ የራስን ትንፋሽ መከተል፥ ኀሳብ ሲሸሽም ሳይቈጡ መመለስ ነው። በ2022 በወጣ የ276 ሰዎች ምርመራ፥ ትምህርቱን 8 ሳምንት የተከተሉት ኤስሲታሎፕራም የተባለውን መድኃኒት ከዋጡት ባልተናነሰ ተሻላቸው። በየቀኑ ግን 45 ደቂቃ ይጠይቃል፤ ይህ ቀላል ነው የሚል ካለ አንድ ቀን ይሞክረው። የዘጌና የደሴቶቹ መነኮሳት በስግደትና በቁመት ሰውነትን ከሕሊና ጋራ ማሠራትን ከጥንት ያውቁታል፤ ጸሎታቸው ግን ለእግዚአብሔር ነውና ከሕክምና ጋራ አላደባልቀውም።

ሕመሙ ሳይመጣም መጠንቀቅ ይገባል። ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ እንዲገባው ድርጅቱ በ2020 መክሯል። እኔም ከጽሕፈት ቤት ስወጣ አምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ በሐይቁ ዳር ፈጠን ብዬ እሄዳለሁ፤ ልቤ ወደ መዝገቡ ሲመለስብኝ እርምጃዬን እቈጥራለሁ።

መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይተወው። በቤታችሁ የተጨነቀ ሰው ያላችሁም፥ «አይዞህ» ማለት ብቻውን አይበቃውምና ጫማውን አቀብሉትና አብራችሁት ውጡ፤ ለመጀመሪያው ቀን እስከ ውሃው ዳር ደርሶ መመለስ ይበቃዋል።